ደሙ ከክንድ ወጥቶ ከበረዶ እስኪገባ

በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘውን ሰፈር አባቶቻችን «ንፋስ ስልክ» ሲሉት ያለ ሽቦ በነፋስ መልእክት የሚያመላልሰውን የሬዲዮ ቴሌግራፍ ማለታቸው እንደ ነበረ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ማዳመጫውን ከጆሮው አድርጎ የሚቀመጠው ሠራተኛ ሙያው ሁሉ አንድ ነበር፤ ይኸውም ከሚያፏጨውና ከሚንጫጫው ድምፅ መካከል እውነተኛውን መልእክት ለይቶ መጻፍ ነው። የሌለ ፊደል ቢጨምር ያልተላከ ወሬ ይፈጥራል፤ ያለውን ቢያስቀር ደግሞ የተላከው ሳይደርስ ይቀራል። እኛ ዛሬ ይኸንን ስም ያነሣነው ስለ ሬዲዮ ለመጻፍ አይደለም። በዚሁ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በጧት ከአንድ ሰው ክንድ የሚቀዳ ደም ለምርምር ሲቀርብ ያንኑ የመሰለ ችግር ስለሚገጥመው ነው።

«ሜታቦሎሚክስ» የሚባለው የምርምር ዘርፍ ለብዙ አንባቢያችን እንግዳ ስም ሳይሆን አይቀርም። ነገሩ ግን ከስሙ ይቀላል። ሰውነታችን የበላነውን ሲፈጭ፥ ሥራ ሲሠራ፥ ከበሽታ ጋራ ሲታገል እጅግ ብዙ ዓይነት ጥቃቅን የኬሚካል ቅንጣቶችን ይፈጥራል፤ ስኳሩ፥ አሚኖ አሲዱ፥ ቅባቱ፥ ሌላውም ሁሉ በዚሁ ይቆጠራል። እነዚህ «ሜታቦላይት» ይባላሉ። የቀድሞው ሐኪም አንዱን ስኳር ወይም አንዱን ዩሪያ ለብቻው ያስለካ ነበር። የአሁኑ ተመራማሪ ግን የቅንጣቶችን ክብደት እየለየ በሚያውቅ ማስ ስፔክትሮሜትር በተባለ መሣሪያ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩትን ባንድ ጊዜ ይለካል፤ ከዚያም የታመመው ሰው ደም ከጤነኛው ደም በምን በምን እንደሚለይ ይጠይቃል።

«ይኸ የሩቅ አገር ወሬ ነው» የሚለን ቢኖር፥ ከመካኒሳ ብዙም ሳይርቅ በጅማ መንገድ ወደሚገኘው ወደ አለርት ግቢ እንጋብዘዋለን። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በዚያ ግቢ በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ስሙን ያገኘው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘው ከኖርዌዩ ሐኪም ነው። ኢንስቲትዩቱ በሥጋ ደዌ ጀምሮ ኋላ የሳንባ ነቀርሳን ጨመረ፤ ከደቡብ አፍሪካ፥ ከጋምቢያና ከዩጋንዳ ተቋማት ጋራም በአንድ ትልቅ ጥናት ተባበረ። በዚያ ጥናት ከነቀርሳ ሕሙማን ጋራ በአንድ ቤት የሚኖሩ ከ4 ሺህ የሚበልጡ ጤነኞች ደም እየሰጡ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ተጠበቁ። አብዛኞቹ ጤነኛ ሆነው ቀሩ፤ ጥቂቶቹ ግን ታመሙ። ተመራማሪዎቹም የታመሙት ሰዎች ገና ሳይታመሙ የሰጡትን ደም ከማቀዝቀዣ አውጥተው ሜታቦላይቱን አስመረመሩ። ውጤቱ በ2018 ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። በሽታው ሊታወቅ አምስት ወርና ከዚያ ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ከተሰጠው ደም፥ ሊታመሙ ካሉት ከመቶው 69ኙን ለይቶ ሲያወጣ፥ ከማይታመሙትም ከመቶው 75ቱን በትክክል ነጻ አደረገ። የደሙ ለውጥ ደግሞ በሽታው ከመታወቁ እስከ 12 ወር አስቀድሞ ይታይ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ቁጥሩን አሳንሰህ አትናቀው፤ አጋነህም አታውራው። ከመቶ 31 በሽተኛ ሳያውቅ የሚያሳልፍ፥ ከመቶ 25 ጤነኛም በከንቱ የሚያስደነግጥ ምርመራ ገና ለጤና ጣቢያ አልደረሰም። ይሁን እንጂ ይኸን ውጤት እንድናምነው ያደረገን ነገር አለ። ተመራማሪዎቹ ምልክቱን ያገኙት ከናሙናው በከፊሉ ሲሆን፥ የፈተኑት ግን ማን ታማሚ ማን ጤነኛ እንደ ሆነ በተሰወረባቸው በቀረው ክፍል ነው። መልሱን አስቀድሞ ያየ ተማሪ ፈተናውን አለፈ ቢባል ማን ያመሰግነዋል? ከዚህም በላይ አስቡት፤ ያ ደም ሲቀዳ ሰውየው ይታመም አይታመም ማንም አያውቅም ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በቸልታ የተያዘ አንድ ብልቃጥ ከዓመታት በኋላ ምንም ዓይነት መሣሪያ ሊያቃናው አይችልም።

የኛ ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። አንዳንድ ወዳጆቻችን «መሣሪያው በውጭ አገር ነው፤ ትንታኔውም የነርሱ ነው፤ የእኛ ሥራ ደም መቅዳት ብቻ ነው» ሲሉ እንሰማለን፤ ይኸንንም የሚሉት እንደ ማፈር ብለው ነው። እኛ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለናል። የምርምሩ እውነትና ሐሰት የሚወሰነው ደሙ ከክንድ ከወጣበት ደቂቃ አንሥቶ ከበረዶ እስኪገባ ባለው ጊዜ ነው። እርሱም በእኛው ነርሶች፥ በእኛው ሾፌሮች፥ በእኛው የላቦራቶሪ ቴክኒሻኖች እጅ ነው።

ደም ከክንድ ሲወጣ ሞቶ አይወጣም። በብልቃጥ ውስጥ ያሉት ቀይ ሕዋሳት መቀዳታቸውን አያውቁም፤ ስኳሩን መብላታቸውን ይቀጥላሉ። በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ደም በየሰዓቱ ከስኳሩ ከመቶ ከ5 እስከ 7 ያህል ያጣል፤ ላክቴት የሚባለው በአንጻሩ ይጨምራል። እንግዲህ በጀሞ በኩል ተቀድቶ መኪና በተጨናነቀበት መንገድ ሦስት ሰዓት የቆየ ደም ከቤተ ሙከራ ሲደርስ ስኳሩ ከመቶ እስከ 20 ያህል ጎድሎ ሊገኝ ነው። ሰውየው አልተለወጠም፤ የለወጠው መንገዱ ነው። ደሙ በቀጭን መርፌ በኀይል ቢሳብ ወይም ብልቃጡ በጉድጓድ መንገድ ክፉኛ ቢናጥ ቀይ ሕዋሳቱ ይፈነዱና በውስጣቸው ያለውን ፖታሲየምና ሌላውንም ሁሉ ያፈሳሉ፤ ቢጫ መሆን የሚገባው ፈሳሽም ይቀላል። ይኸን ለማየት መሣሪያ አያሻም፤ ዓይን ይበቃል።

ደሙ እንዲረጋ ተትቶ የሚገኘው ፈሳሽ ሴረም፥ እንዳይረጋ መድኃኒት ተጨምሮበት የሚገኘው ፕላዝማ እንደሚባል የጤና ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ሁሉም የማያስተውለው ግን፥ በመርጋት ጊዜ ሕዋሳቱ ብዙ ነገር ስለሚለቅቁ ከአንድ ክንድ የወጡት ሴረምና ፕላዝማ አንድ አለመሆናቸውን ነው። እንዳይረጋ የሚጨመረውም መድኃኒት የራሱ ጠባይ አለው። በሲትሬት የተያዘ ደም ውስጥ ሲትሬት በዝቶ አገኘሁ ብሎ የሚደነቅ ተማሪ፥ ራሱ የጨመረውን ጨው ከወጡ ውስጥ አገኘሁት ብሎ እንደሚደነቅ ሰው ነው። ሴረምም ይሁን ፕላዝማ፥ አንዱን መርጦ ለሁሉም እርሱኑ መያዝ ነው።

እዚህ ላይ ትልቁን ወጥመድ እንጠቁም። ብዙ ጊዜ ታማሚዎቹ ከሩቅ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ፤ ለንጽጽር የሚፈለጉት ጤነኞች ግን ከቤተ ሙከራው ጎን ካሉት ተማሪዎችና ሠራተኞች ይለመናሉ፤ «ና እስቲ ክንድህን» ተብሎ ደማቸው ወዲያው ተቀድቶ ወዲያው ይቀዘቅዛል። የታማሚው ደም ሦስት ሰዓት ተጉዟል፤ የጤነኛው ሃያ ደቂቃ። ከዚያ በኋላ የሚታተመው «የበሽታው ምልክት» የሚባለው የመኪና መንገድ ምልክት ቢሆን ማን ያውቃል? ሁሉም ደም እኩል ቢዘገይ ጉዳቱ አንድ ነገር ነበር። አንዱ ወገን ብቻ የዘገየ እንደ ሆነ ግን ፈጽሞ አይታረምም።

ከደሙ አስቀድሞ ደግሞ ሆዱ አለ። በዚህ ነገር የውጭ መጽሐፍ ብዙ አይረዳንም፤ የአገራችንን ኑሮ የምናውቀው እኛው ነን። እንበልና አንድ ተማሪ ለመመረቂያው ጥናት ታማሚዎቹን በዐቢይ ጾም ሰብስቦ ገንዘብ አለቀበት። ገንዘቡ ሲፈቀድ ፋሲካ አልፏልና ጤነኞቹን ያን ጊዜ ሰበሰበ። 55 ቀን ሥጋ፥ ቅቤ፥ ወተትና እንቁላል ያልቀመሰ ሰው ቅባቱና አሚኖ አሲዱ ከፈሰከው ሰው ጋራ እንዴት አንድ ይሆናል? ያ ተማሪ በበሽታና በጤና መካከል ያለውን ልዩነት አገኘሁ ሲል ያገኘው በሽሮና በዶሮ ወጥ መካከል ያለውን ነው። በረመዳን ወር የሚሰበሰበውም እንዲሁ ነው፤ የመብያው ሰዓት ራሱ ከቀን ወደ ሌሊት ይዛወራልና። ቡናውም አይረሳ። ሦስት ሲኒ ጠጥቶ የመጣ ሰው ካፌይኑን በደሙ ይዞ ነው የሚመጣው።

ቋንቋችንም የራሱ ወጥመድ አለው። ነርሷ ሰውየውን «ነገ ጾመው ይምጡ» ብትለው፥ እርሱ በማግሥቱ እንጀራውን በሽሮ በልቶ ይመጣል። «አባቴ፥ ጾመዋል?» ስትለው፥ «አዎን ልጄ፥ ጾመኛ ነኝ» ይላታል። ሁለቱም አልዋሹም። ስለዚህ «ከማታው ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ» ብሎ መንገር፥ ሲመጣም «መጨረሻ የበሉት ምንድን ነው? በስንት ሰዓት?» ብሎ ጠይቆ መጻፍ ያስፈልጋል።

ሰዓትን ካነሣን ዘንድ አንድ እንጨምር። ነርሷ በእኛ አቆጣጠር ደሙን በ3 ሰዓት ቀድታ በወረቀት ላይ «3፡00» ብላ ትጽፋለች። ደሙን አጣርቶ ያቀዘቀዘው ቴክኒሻንም በእኛው አቆጣጠር «4፡30» ይላል። በቢሮ ያለው ጸሐፊ ግን የመጀመሪያውን ወደ ፈረንጅ ሰዓት መልሶ 9፡00 አድርጎ በኮምፒዩተር ሲያስገባ ሁለተኛውን እንዳለ ይተወዋል። እነሆ፥ ሳይቀዳ የበረደ ደም! ይኸ ሲታይ ያስቃል። ስሕተቱ ሳይታይ ሲቀር ግን አያስቅም፤ ከሰዓት በኋላ የተቀዳው የጧት መስሎ ይቆጠራል፤ በሰው ደም ውስጥ ያለው ብዙ ነገር ደግሞ ከጧት እስከ ማታ ይለዋወጣል። በወረቀቱ ራስ ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓት» ብሎ ማተም የሚያስወጣው ቀለም ብቻ ነው።

መሣሪያውም ቢሆን እንደ ሰው ጠባዩ ይለዋወጣል። ናሙና በገባበት ቁጥር ውስጡ እየቆሸሸ ይሄዳል፤ ሰኞ ያነበበውን ማክሰኞ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ያነባል። እንግዲህ ታማሚዎቹ ሁሉ ሰኞ፥ ጤነኞቹ ሁሉ ማክሰኞ ቢለኩ ልዩነቱ የሰኞና የማክሰኞ ነው። መድኃኒቱ ዕጣ ነው፤ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፎ ከባርኔጣ እያወጡ ተራ መስጠት። ደግሞም ከየናሙናው ጥቂት ጥቂት ጠብታ ቀንሶ በአንድ ዕቃ ቀላቅሎ፥ ያንኑ ድብልቅ በየአሥሩ ናሙና መካከል ማስለካት ነው። ድብልቁ አንድ ሆኖ ሳለ ንባቡ ከተለያየ፥ የሚናገረው መሣሪያው እንጂ ደሙ አይደለም። ይኸን «የሀብታም አገር ቅንጦት» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውናል። ባርኔጣ የሌለው ቤተ ሙከራ ግን ገና አላየንም። እንዲያውም ሁለተኛ ለመቅዳት ገንዘብ የሌለው ደሃ ነው አንዱን ብልቃጥ አጥብቆ መያዝ ያለበት።

የሂሳቡን ነገር በአጭሩ እናሳልፈው። አንድ ሺህ ሜታቦላይት ለክቶ፥ ከሃያ አንድ ጊዜ በአጋጣሚ የሚሆነውን እንደ ግኝት የሚቀበል ሰው፥ ምንም ልዩነት በሌለበት እንኳ ሃምሳ ያህል «ግኝት» ያገኛል። ከአንድ ሰው ሦስት ብልቃጥ መቅዳትም ሦስት ሰው አያደርግም። ስለዚህ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የሚጠየቀው ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን መርፌው ሳይወጋ ነው።

ናሙናው የሚያዝበት መንገድ ውጤቱን ሊገለብጠው እንደሚችል ከገዛ አገራችን ታሪክ የተሻለ ምስክር አናገኝም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሰዎች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነውና፥ ያየውን በማየት ብቻ አልተወውም፤ በሙከራ ፈተነው። ኋላም የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከእንዶድ ያወጡትን አንዱን ንጥረ ነገር በእርሱ ስም «ለማቶክሲን» አሉት። የሚያስገርመው የሚከተለው ነው። የእንዶዱ ፍሬ በውሃ ሲወቀጥ በውስጡ ያለ ኤንዛይም ሥራውን ይሠራና ገዳዩን ንጥረ ነገር ያወጣዋል። ያው ፍሬ በሜታኖል ሲዘፈዘፍ ግን ኤንዛይሙ ስለሚሞት ቀንድ አውጣ የማይገድለው ዓይነት ይገኛል። ፍሬው አንድ፥ ዛፉ አንድ፥ መልሱ ግን ሁለት! ሴቶቻችን በውሃ ሲወቅጡት ልክ ነበሩ። ሜታኖል ብቻ የሞከረ ሊቅ ቢኖር «እንዶድ አይሠራም» ብሎ በንጹሕ ኅሊና በጻፈ ነበር።

ዶክተር አክሊሉና ባልደረባው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ይሁን እንጂ እዚህ አገር የተሠራውን ሙከራ የውጭ ድርጅቶች ለማመን ዘግይተዋል፤ በነርሱ ቤተ ሙከራ ደንብ እንዲደገምም ጠይቀዋል፤ ዶክተር አክሊሉም በዚህ በግልጥ አዝኗል። በዚያ ነገር ንቀት እንደ ነበረበት እኛም እናምናለን። ንቀትን ግን በቁጣ ብቻ ማሸነፍ አይቻልም። ማን ቀዳው፥ በስንት ሰዓት፥ በምን ብልቃጥ፥ በስንት ዲግሪ ተቀመጠ፥ ስንት ጊዜ ቀለጠ ተብሎ ለሚጠየቀው ሁሉ መዝገቡ ገልጦ የሚመልስ ሲሆን፥ ናቂው ምክንያት ያጣል።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ወደ ወጣት ሹማምንት እንመለስ። ብዙዎቻችሁ ቤተ ሙከራ ገብታችሁ አታውቁም፤ ነገር ግን የናሙናው ዕድል በጠረጴዛችሁ ላይ ያልፋል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ግዥ ላይ ትፈርሙና የጄኔሬተሩን ወረቀት «ለሚቀጥለው በጀት» ትሉታላችሁ። ፍሪዘሩ ሲመጣ በፎቶግራፍ ይታያል፤ ጄኔሬተር ግን ማን ያነሣዋል? ወደ ውጭ አገር የሚላክ ናሙና በደረቅ በረዶ ታሽጎ ይቆማል፤ ደረቅ በረዶ ደግሞ ከሰዓት ወደ ሰዓት ወደ አየር እየተነነ የሚያልቅ ነገር ነው። የማስተላለፊያ ስምምነቱን በጥንቃቄ መርምሩ፤ የአገር ንብረት ነውና መመርመር ግዴታችሁ ነው። ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቀረበውን «ሰኞ ይምጣ» ስትሉ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሰኞን እንደማይጠብቅ ዕወቁት። ብልቃጦቹን የሚያመላልሰው ሞተረኛም ቢሆን የምርምሩ ሠራተኛ ነውና አበሉ በወቅቱ ይከፈለው፤ ለምን በፍጥነት መድረስ እንዳለበትም ይነገረው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማንጠራው አንድ ቤተ ሙከራ ያየነውን ነግረን እናብቃ። ክረምት ነበር፤ ከዓርብ ማታ ጀምሮ መብራት ጠፍቶ መቼ እንደ ተመለሰ ማንም አያውቅም። ሰኞ ጧት አንድ ተማሪ የዓመት ሥራው ያለበትን ፍሪዘር ከፈተ፤ ብልቃጦቹ ሁሉ እንደ ድንጋይ ደርቀዋል። ፊቱ በራ። «ጋሼ፥ ተመስገን ነው፤ ሁሉም በረዶ ነው» አላቸው ዕድሜያቸው የገፋውን ቴክኒሻን። ሽማግሌው ምንም ሳይመልሱ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ አወጡ። በኩባያው ውሃ አቀዝቅዘው በበረዶው ላይ አንድ ሳንቲም አስቀምጠው ነበር፤ ይኸን የሚያደርጉት በገዛ ፈቃዳቸው ነው፤ ማንም አላዘዛቸውም። ሳንቲሙ ከላይ የለም። ተማሪው ኩባያውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ አዘነበለው፤ ሳንቲሙ ከኩባያው መቀመጫ ላይ፥ ከበረዶው በታች ነበር።

«ቀልጦ ነው የረጋው፥ ልጄ» አሉት።

ምረቃው ሁለት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። በክፍሉ ውስጥ ከሁለቱና ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም፤ ብልቃጦቹም ለሚያያቸው ሁሉ ደኅና ናቸው። ልጁ ብዙ ዝም ብሎ ቆየና መዝገቡን ስቦ ቀኑን ጻፈ፤ ከሥሩም «ከዓርብ እስከ ሰኞ ባለው ጊዜ ናሙናዎቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ቀልጠዋል» ብሎ ፈረመ። የተመረቀው በሚቀጥለው ዓመት ነው።